በሲባጎ የተለካ ቤት

መስከረም 20

ለአክስቴ ልጅ፣ ለአብሮ አደጌ፣

ሰላምታዬ አንተና እማማ ካላችሁበት ይድረስ። ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ያ ቀን ከሌት የምትረግመው ምርኩዝ አሁንም አለ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በሰው አገር ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ መጋረጃ እቆርጣለሁ፤ እንዲህ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። አባቴ በተወልኝ ቦታ ላይ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ፤ የምትሠራውም አንተ ነህ። ሌላ ግንበኛ ብቀጥር እማማ ዕድሜ ልኳን አትምረኝም። የገንዘቡን ነገር ከባንኩ ጋር ጨርሻለሁ፤ ስለሱ አንጻጻፍም፤ ደብዳቤያችን ስለ ቤቱ ብቻ ይሁን። በስልክም ባናወራው ይሻለኛል። በስልክ "እሺ፣ እሺ" ትለኝና ስትዘጋው የራስህን ትሠራለህ። ወረቀት ላይ ግን ያልከውን መልሼ አሳይሃለሁ።

የምፈልገው እንዲህ ነው። ከታች ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና የእማማ ክፍል። ከላይ የእኔ መኝታ ቤት፣ ከፊቱም በረንዳ። ደረጃው ከቤቱ ውስጥ ይሁን። ጠዋት በባዶ እግሬ እየሮጥኩ ወርጄ እማማን መቀስቀስ እፈልጋለሁ። ሁለታችንንም ስታሳድገን ያን ሁሉ ዓመት ብርድ ልብስ እየገፈፈች ስትቀሰቅሰን ኖራለች፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ አልመለስም።

ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 15

ለእህቴ፣ ለአዲሱ ቤት ባለቤት፣

ሰላምታሽ በሙሉ ደርሶናል፤ የኛም ይድረስሽ፤ ጤናና ዕድሜ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ለእማማ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ ያለችው "ደረጃ ላይ ስትሮጥ ተፈጥፍጣ ልትሞት ነው" ነው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ "እዚህ ተገትረህ ደብዳቤ ከምታነብ ሄደህ አትቆፍርም?" ብላ አባረረችኝ። ደህና ናት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ግንበኛ ሁሉ ቦታውን ይለካል። እኔ ግን መጀመሪያ የምለካው የሚኖርበትን ሰው ነው፤ አሠራሬ ይሄ ነው፤ እስካሁን አላሳፈረኝም። ሲባጎ ውሰጂ። አንዱን ጫፍ በተረከዝሽ ርገጪው። ከዚያ ጉልበትሽ ጋ፣ ክርንሽ ጋ፣ ትከሻሽ ጋ፣ እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ ደግሞ ጣትሽ የሚደርስበት ጋ ቋጠሮ ቋጥሪ። አራት ቋጠሮ። የወጥ ቤቱ ባንኮ ከክርንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መስኮቱ ከትከሻሽ በታች ይጀምራል፣ መደርደሪያው ጣትሽ ከሚደርስበት አያልፍም። በቁጥር ጽፈሽ አትላኪልኝ። ቁጥር ሳነብ ሰው አይታየኝም። ሲባጎውን መሣሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳንጠለጥለው ግን አንቺ ፊቴ የቆምሽ ይመስለኛል።

ደግሞ በደንብ ለኪ። አንድ እግሩ አጥሮ የሰፋሽልኝን ሱሪ አልረሳሁትም። ዓመቱን ሙሉ ለብሼው ትምህርት ቤት ስመላለስ ነው ይሄ "ዘመም" የሚባል ስም የወጣልኝ። አሁን ግንበኛ ሆኜም ዘመም ይሉኛል፤ አዲስ ደንበኛ ሲሰማው ይደነግጣል።

እማማን ለመለካት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ቁሚ ስላት "ለምን ብዬ ነው የምቆመው? ከእንግዲህ የምኖረው ተቀምጬ ነው፤ ተቀምጬ ለካኝ" አለች። እውነቷን ነው። ወንበሯ ላይ እንዳለች ለካኋት። መስኮቷ ዝቅ ብሎ እንዲሠራላት ትፈልጋለች፤ መንገዱን ለማየት። "ልጄ ስትመጣ በአረማመዷ ከሩቅ አውቃታለሁ" ትላለች። ሰው ሁሉ ፊት ሲያይ እሷ እግር ነው የምታየው፤ መቼም ታውቂያታለሽ።

ወንድምሽ ዘመም


ኅዳር 18

ለተከበርከው ግንበኛ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማስ እንደምን አለች? እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ።

ሲባጎው ከዚህ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ አለልህ። የቋጠርኩት ሥራ ቦታ ነው፤ ጓደኞቼ ከበው ሲስቁብኝ ነበር። የሱሪውን ነገር ግን ተወኝ። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንተም ስለካህ አንድ ደቂቃ ቀጥ ብለህ አልቆምክም። ዛሬ እኔ የቆረጥኩት መጋረጃ ከመስኮቱ አንድ ጣት አያጥርም፣ አንድ ጣት አይረዝምም። አለቃዬን ጠይቀው።

የመስኮቶቹን ልክ ስትጨርስ ላክልኝ፤ መጋረጃዎቹን ራሴ ሰፍቼ አመጣለሁ። የውጪው በር ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ? እማማን ጠይቅና የራሷን ቃል ጻፍልኝ። ያንተን ማሳመሪያ አልፈልግም።

እህትህ


ጥር 4

ለእህቴ፣

በጤና ከርመሽ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

መሠረቱ አልቋል፤ ኮለኖቹ ቆመዋል። ቤቱን ከመሬት ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንዴት እንደሚንጣለል አንቺም ታስታውሺያለሽ። የላይኛው ፎቅ የሚቆምበት ፌሮም ተዘጋጅቶ ወደ ሰማይ ተቀስሯል። ሲባጎሽን ከእማማ ሲባጎ ጎን ሰቅየዋለሁ። ረዝመሽብኛል።

እማማ በየቀኑ ሥራው ቦታ ካልሄድኩ ትላለች። ወንበሯን ተሸክመን እንወስድላታለን። ዛፉ ሥር ተቀምጣ ሠራተኛውን ሁሉ ስትሰድብ ትውላለች። አናጢያችንን ታውቂዋለሽ፣ ዝግተኛውን፤ "አንተ ቀስ በል! ዛሬም አንዲት ምስማር ልትመታ ነው?" እያለች ሰውየው አሁን ስሙ ቀስ በል ሆኖ ቀርቷል። እሱም ይወዳታል፤ ካልመጣች ይከፋዋል።

ስለ በሩ ቀለም ያለችው እንዳለ ይኸው፦ "ቀይ? የእሳት አደጋ መኪና ነው? ቡናማ? ጭቃ መስሎ። አረንጓዴ የመሥሪያ ቤት ነው። ሰማያዊ ይሁን፤ ሰማያዊም አልወድም፤ ግን ይሁን።"

የሷን ክፍል አስቀድሜ እየጨረስኩ ነው። አላስቀምጥ አለችኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 9

ለወንድሜ፣

ከዘገየው መልሴ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ።

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አትቆጣ። ፎቁ ይቅር። ሁሉም ነገር ከታች ይሁን፤ የኔም መኝታ ቤት፣ በረንዳውም። ለእማማ ብዬ ነው። እሷ ከታች እኔ ከላይ ሆነን፣ ብትጣራ የማልሰማት ቤት ምን ያደርግልኛል?

የመግቢያው ሁለት ደረጃም ይነሳና በቦታው ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ይደረግ፤ ለስለስ ያለ፣ ወርዱ ሰፋ ያለ። ይህም ለእማማ ነው። በዚያ ጉልበቷ ደረጃ አትውጣ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።

እህትህ


መጋቢት 28

ለእህቴ፣ ሐሳቧን ለምትቀይረው፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለደረጃው አርማታ የሚገጠመውን ጣውላ ከቀስ በል ጋር መትተን በጨረስንበት ቀን ነው። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ የሠራው ሥራ ነበር፤ እሱንም አፈረስነው። መዶሻውን አስቀምጦ ሄደ።

ይሁን፤ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ያልሽው ይሆናል። ፌሮዎቹን ግን አልቆርጣቸውም። ቆርቆሮውን በስተውም ቢሆን እንደቆሙ ይቆዩ። ነገ ደግሞ ፎቁ ይሠራልኝ ማለትሽ አይቀርም።

የእማማ ክፍል አልቋል። የወለሉ ሊሾ ገና ሳይደርቅ ልግባ ነበር የምትለው። በሩን ሰፊ አድርጌዋለሁ፤ ደግፏት የሚገባ ሰው ከነምርኩዟ እንዲያሳልፋት። አይታ ምን አለች መሰለሽ? "በሬ ልታስገባበት ነው?" የመብራቱ ማብሪያ፣ የልብሷ መደርደሪያ፣ የአልጋው ከፍታ፣ ሁሉም በሲባጎዋ ልክ ነው። ወንበሯ ላይ ሆና እጇን እየሰደደች አንድ በአንድ ሞከረችው። ሲያልቅ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አልሰደበችኝም። ያኔ ነው ደስ እንዳላት ያወቅሁት።

ትንሽ ሳል ይዟታል። ሳሉንም ትሰድበዋለች።

ወንድምሽ ዘመም


ሰኔ 2

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጽሑፌ ቢያስቸግርህ አልጋ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው፤ ጉንፋን ነገር ነው፤ ያልፋል። ሳሉስ ለቀቃት?

ከዚህ ጋር ሌላ ሲባጎ ልኬልሃለሁ። ከእንግዲህ በዚህኛው ሥራ፤ የመጀመሪያውን ጣለው። ባንኮው፣ የመታጠቢያው ገንዳ፣ መደርደሪያው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሁሉም በዚህኛው ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱም በር እንደ እማማ ክፍል በር ሰፊ ይሁን፤ ደፍ አይኑረው። እማማ በቤቱ ውስጥ በፈለገችበት እንድትገባና እንድትወጣ ብዬ ነው። እሷ የማትደርስበት ቤት የኔም ቤት አይደለም።

ለመስኮቷ መጋረጃ ሁለት ጨርቅ መርጫለሁ፤ አንዱ አበባ አለው፣ አንዱ ዝም ያለ ነው። የቱን እንደምትፈልግ ጠይቅልኝ። የራሷን ቃል።

እህትህ


ነሐሴ 11

ለእህቴ፣

እንደምን አለሽ? መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ዝናቡ ሥራውን አጓትቶብኝ ነበር።

ቤቱ እያለቀ ነው። ልስኑ አልቋል፤ የሳሎኑ ወለል ተነጥፏል፤ በሩ ሰማያዊ ተቀብቷል። መታጠቢያ ቤቱም እንዳልሽው ሆኗል። ሁለተኛው ሲባጎ ደርሶኛል። ቋጠሮው ሁሉ ወርዷል፤ ያው የሱሪው ነገር ነው መሰለኝ። አታስቢ፤ ቤቱ ልክሽ ይሆናል።

እማማ ደህና ናት። አበባ የሌለው መጋረጃ ደስ ይለኛል ብላለች።

ወንድምሽ


መስከረም 6

ለወንድሜ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ።

ኅዳር 15 እመጣለሁ። የምመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ባለፈው ጥር ጀርባዬ ላይ የበቀለ ነገር ተገኘ። ሁለት ጊዜ ተቀደድኩ። ነገርየው ወጥቷል፣ ሕይወቴም ተርፏል፤ እግሮቼ ግን አልተመለሱም። ሐኪሙ አይመለሱም ብሎኛል። ዘርዝሮ ያስረዳ መልካም ሰው ነው፤ ግማሹን አልሰማሁትም፤ ያኔ በዓይኔ ላይ የነበረው ያንተ ደረጃ ነው። ፎቁ ይቅር ብዬ የጻፍኩልህ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በወጣሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ሁሉንም ለእማማ ነው ያልኩህ ፈርቼ ነው። ለአንተ ብነግርህ ፊትህን አይታ ታውቅ ነበር። በአረማመዷ አውቃታለሁ ለምትል ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? ከደረስኩ በኋላ፣ አጠገቧ ሆኜ፣ እጇን ይዤ ልነግራት ነበር ሐሳቤ።

ሁለተኛው ሲባጎ የተሳሳተ አይደለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የለካሁት ነው። የወንበሩ ወርድ ስድሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸው ቁጥር ጻፍኩልህ፣ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው ደብዳቤህ ላይ እማማ "ደስ ይለኛል" አለች ብለህ ጻፍክ። እማማ አንድን ነገር ሳትሰድብ ደስ ይለኛል ብላ አታውቅም። ያንን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ንገረኝ አልልህም፤ አትንገረኝም አልልህም። መጋረጃዋን ግን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ።

እህትህ


መስከረም 26

ለእህቴ፣

ሰላምታ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔንም ያጽናኝ።

እማማ ሚያዝያ 21 ቀን ጠዋት አርፋለች። ሳሉ ወደ ደረቷ ወረደ። በአዲሱ ክፍል ሦስት ሳምንት ነው የኖረችው። ቀለሙ ይሸታል፣ ትንሽ ቆይ ብላት "ሽታው ነው የሚገድለኝ ወይስ አንተ?" ብላ ገባች። የዚያን ዕለት ጠዋት ለምሳ ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት ወጣሁ። ስመለስ መስኮቱ ጋ ወንበሯ ላይ ነበረች። ፊቷ ወደ መንገዱ ነው። የተኛች መስሎኝ ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ነው ያወቅሁት። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ብቻሽን ነሽ። ተንጋግተው ገብተው፣ አጠገብሽ ተቀምጠው የሚነግሩሽ ሰዎች የሉሽም። ስትመጪ በአካል ልነግርሽ ነበር። ስልክ ስትደውዪም ያላነሳሁት ድምፄ እንዳይነግርሽ ነው።

ከሞቷ የሚብስ አይደለም፤ ግን ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያሳፍረኛል። ሰኔ ላይ የላክሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ እማማ ከሄደች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሁሉንም ለእማማ ብለሽ ነው ያዘዝሽው። ለማን ብዬ ልሥራው? አልኩ። የሌለች ሴት የምታልፍበት በር ማስፋት አቃተኝ። ለአንቺ ያማረ ቤት ላቆይልሽ ብዬ በመጀመሪያው ሲባጎ ሠራሁት። ሁለተኛውን ምስማር ላይ ሰቅዬ ትቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ የለካች ሴት ሲባጎ ልካልኝ፣ እኔ በልጅነቴ የለበስኩት ሱሪ ትዝ አለኝ። የመግቢያውን ሁለት ደረጃም አላነሳሁትም። "እንዳልሽው ሆኗል" ብዬ ጻፍኩልሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን የእማማን ወንበር ከመሣሪያ ቤቱ አውጥቼ ሁለተኛውን ሲባጎ ይዤ ቤቱን ዞርኩት። ተቀምጬ ነው የዞርኩት። ወንበሩን እየጎተትኩ፣ አንድ ቦታ ስደርስ እየተቀመጥኩ። መግቢያው ላይ ሁለቱ ደረጃዎች አስቀሩኝ፤ ተሸክሜው ገባሁ። ባንኮው አገጬ ጋ ይደርሳል። መታጠቢያ ቤቱ በር ስድሳ አምስት ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር። የሳሎኑ መስኮት ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ያንቺ መኝታ ቤት ውስጥ ማብሪያውን ለመንካት ከወንበሩ ብድግ ማለት ነበረብኝ። ብድግ አልኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ቤት ሠርቻለሁ፤ ባለቤቱ የማይገባበት ቤት ግን ሠርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የእማማን ክፍል ከፈትኩት። ከሚያዝያ ወዲህ አልተከፈተም ነበር። ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልስ ብዬ ነው የገባሁት፤ ሲባጎሽ እጄ ላይ ነበር። እንዲያው ለነገሩ ማብሪያው ሥር ዘረጋሁት። ቋጠሮው ማብሪያው ላይ አረፈ። መደርደሪያው ላይ ዘረጋሁት፤ አረፈ። አልጋው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የልብስ መስቀያው። ሁለት ጣት የሚሆን ልዩነት እንኳ የለውም። በሩ ሰፊ ነው፤ ወንበርሽ ያለ ችግር ያልፋል። ያ በሬ የሚያስገባው በር።

እህቴ፣ ከዚያ ሁሉ ቤት አንቺን የሚያውቅሽ አንድ ክፍል ነው፤ እሱም ያንቺ ተብሎ አልተሠራም።

ቀስ በልን ጠርቼ ነገርኩት። መዶሻውን አንስቶ የመታጠቢያ ቤቱን መቃን መንቀል ጀመረ። እስክትመጪ በሩ ይሰፋል። የመግቢያው ዘቅዛቃ መንገድም ይደርሳል፤ ሲሚንቶው የሚጠነክርበት ቀን አለው። ባንኮውን ግን ካፈረስኩት አላደርስም፤ ምን ላድርግ? ንገሪኝ። አሁን ያልሽውን እሠራለሁ፤ የራሴን አልሠራም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ አላለቀልኝም። አውቄው ነበር። ማወቅና ተጽፎ ማየት ግን ለየብቻ ነው። በሩን ቀስ ብለህ ስለ ዘጋኸው አትዘን። ተኝታለች ብሎ ቀስ ብሎ በር የሚዘጋ ልጅ ነው ያሳደገችው።

ተናድጄብህ ነበር። ሁለት ቀን ተናደድኩ። ከዚያ የራሴን ደብዳቤዎች አሰብኳቸው። ሁለታችንም በእማማ አፍ ዋሽተናል። እኔ ያልፈለገችውን ትፈልጋለች አልኩ፤ አንተ ያላለችውን አለች አልክ። ከሦስታችን እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ናት። "የምኖረው ተቀምጬ ነው፤ ተቀምጬ ለካኝ" አለች፤ አንተም ለካሃት፤ ክፍሏም ልክ ሆነ። ነገሩ ይኸው ነው። እኔም እንደሷ ብል ኖሮ ቤቱ ሁሉ ልክ ይሆን ነበር።

አሁን ትእዛዜን ስማ፤ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሐሳቤን አልቀይርም።

ባንኮውን አታፍርሰው። እንደሆነ ይቆይ። የምታበስለው አንተ ነህ፤ ቁመትህ ይበቃል። እኔ ከእማማ ክፍል ሆኜ እሰድብሃለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሳደብ ሰው መጥፋት የለበትም። ቀስ በልም በየቀኑ ይምጣ፤ ሰዳቢ አጥቶ ከርሟል።

የኔ ተብሎ በተሠራው መኝታ ቤት ማንም ይተኛበት። እኔ የምኖረው በሷ ክፍል ነው። አልጋውንም ወንበሯንም ከቦታቸው አታንቀሳቅስ። ሁለቱን ሲባጎዎች፣ የሷንና የኔን ሁለተኛውን፣ አንድ ምስማር ላይ ስቀላቸው። ቆሜ የለካሁትን ላክልኝ አልልህም። አንተ ጋ ይቆይ።

ፌሮዎቹን ቁረጣቸው። እኔ ስደርስ ጣሪያው ላይ ወደ ሰማይ ተቀስረው ማየት አልፈልግም።

የመጨረሻው ይህ ነው። የመጣሁ ቀን መኪናው እስከ በሩ ድረስ አያስገባኝ። መታጠፊያው ላይ ያውርደኝ፤ ከዚያ ጀምሮ አንተ ትገፋኛለህ፤ በዝግታ፣ በመንገዱ መሃል። ከመምጣቴ በፊት የእማማን መስኮት ክፈተው፤ ወንበሯም ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጥ። በአረማመዷ ከሩቅ አውቃታለሁ ብላ ነበር። አረማመድ የለኝም። ግን በዚያ መስኮት ፊት ሳላልፍ ቤቷ አልገባም።

እህትህ